ከራስጌዬ የነበረው እርሾ

ዛሬ ይዘሽብኝ የመጣሽውን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢያመጣው ኖሮ፣ ደክሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ጸሎት ቤታችን ውስጥ ተከራከርን አልሽኝ። ጌታን ያመነ ሰው ዛሬም ቅዳሜን ማክበር አለበት ወይ፣ በኦሪት የታዘዙትን በዓላት መያዝ አለበት ወይ፣ ወይስ ያ ሁሉ አልፏል። አንቺ ሀርጌሳ ሳለሽ እንደዚያ ከሚያከብሩ ሰዎች ጋር ነበርሽ አሉ፣ ምን ትያለሽ አልሽኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ከመጽሐፍ አውጥቼ የምሰጥሽ መልስ የለኝም። ግን አንድ ጊዜ ያንን በዓል አከብራለሁ ብዬ የሰው እርሾ ደፍቻለሁ። እሱን ልንገርሽ፣ አንቺ ጻፊው። እኔም ቀስ እያልኩ ነው የምናገረው፣ እጅሽን አታጣድፊው።

ሀርጌሳ የሄድኩት ጦርነቱ አልቆ ሰዉ ከስደት ሲመለስ ነው። ያኔ ቤቱ ሁሉ ግድግዳ አለው እንጂ ጣሪያ የለውም። ባለቤቶቹ ይመጡና ግቢያቸው ውስጥ ከእንጨትና ከአሮጌ ጨርቅ ጎጆ ይሠራሉ፤ እዚያ እየኖሩ ቤቱን አንድ አንድ ክፍል እያሉ ያድኑታል። እኛ አበሾች የምንሄደው ለዚያ ሥራ ነበር። ወንዶቹ ድንጋይና ሲሚንቶ፣ ሴቶቹ ሰው ቤት። እናትሽን ትንሽ ልጅ ሳለች ለእህቴ ሰጥቼ ነው የሄድኩት። ጅጅጋ ስላደግኩ ሶማልኛው አላስቸገረኝም።

የገባሁበት ቤት ጋአን ሊባህ የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቲቱ ሱቅ አላት፤ ባሏ በርበራ ወደቡ ላይ ይሠራል፣ በወር አንዴ ብቅ ይላል። አምስት ልጆች አሉ። የሴትዮዋ እናት ደግሞ አሮጊት ናት፣ ጥርስ የሚባል የላትም። እሷን ሆዮ ነበር የምላት፤ እናቴ ማለት ነው። ልጆቿም የልጅ ልጆቿም እንደዚያ ስለሚሏት ነው እንጂ መጀመሪያ ከልቤ አልነበረም።

ሥራው አያልቅም። ውሃው በአህያ ጋሪ በርሜል ተጭኖ ይመጣል፤ እሱን እየቀዱ መሙላት አለ። የልጆቹን ልብስ ታጥቢና ታሰጪዋለሽ፣ ግንበኞቹ ሲሚንቶ ሲያቦኩ አቧራው ይሄድና ይለጠፍበታል፣ መልሰሽ ታጥቢዋለሽ። ያልተጠገነውን ክፍል ትጠርጊያለሽ፣ ንፋሱ ፍርስራሹን መልሶ ያመጣዋል። ከሁሉም የሚከብደኝ ግን ማታ ማታ የሚመታው የላሆህ ሊጥ ነበር። ላሆህ ሰዎቹ ቁርስ የሚበሉት ነው፣ ሳሳ ያለ፣ ዓይን ያለው። ሊጡ እንዲቦካ ማታውኑ በእጅሽ እየመታሽው ነው የምታዋህጂው፤ ካልተመታ ዓይን አያወጣም። ከጎረቤት ቤቶችም የዚያው የመምታት ድምፅ ይሰማል። እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ ትከሻዬ ሊወልቅ ሲደርስ ነው ሊጡ የሚጀመረው። ከዚያ ባልዲውን እከድነውና እዚያው ወጥ ቤት እተኛለሁ። ወጥ ቤቱ የቆርቆሮ ነው፤ ፍራሼ ከግድግዳው ጥግ፣ ባልዲው ከራስጌዬ። ሲቦካ ትስ ትስ ይላል። እሱን እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

እረፍቴ ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነበር፣ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ጅግጅጋ ያር የሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር የምትኖር አንዲት ከናዝሬት የመጣች ሴት አለች፤ እንግዳ ማረፊያ ቤት አልጋ አንጣፊ ናት፣ ክፍል ተከራይታለች። ዓርብ ዓርብ ስድስት ሰባት ሆነን እዚያ እንሰበሰባለን። እህታችን እንላታለን። ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ በሩን ገርበብ አድርገን ነበር የምንጸልየው። እህታችን ጌታን «መሲሑ» ነበር የምትለው። መጽሐፉን ታነብና ትነግረናለች። ጌታ ራሱ ሰንበትን ጠብቋል፣ ፋሲካን እንደ ሕጉ በልቷል፣ የዳስን በዓል ወጥቶ አክብሯል፤ ታዲያ እናንተን ማን ነው ተዉት ያላችሁ ትላለች።

እኔ መጀመሪያ ቀን የሰማሁ ጊዜ አልደነቀኝም። «እናቴም ቅዳሜ አትፈጭም ነበር» አልኳት። «አሳማ አፏ አይገባም። ወንድሞቼንም በስምንተኛ ቀናቸው ነው ያስገረዘቻቸው። ምን አዲስ ነገር አመጣሽ?»

«እናትሽ ለምን እንደምታደርገው ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅኳትም። ደክሟት ነበር የምታድረው።»

ከመሃላችን አንድ ግንበኛ አለ፣ ተከራካሪ ነው። ጴንጤ ነው፣ ብዙ ጥቅስ በቃሉ ያውቃል። «እህቴ፣ ሕጉ እኮ መስቀል ላይ ተፈጽሟል» ይላታል። «ከቀንበር አውጥቶን መልሰሽ ልትጠምጂን ነው?»

«ለመዳን አይደለም የምንጠብቀው» ትለዋለች። «ልጅ ያባቱን ቤት ሥርዓት የሚይዘው ልጅ ልሁን ብሎ ነው፣ ልጅ ስለሆነ ነው?»

«እሺ እኔ ልጅ ነኝ፤ ቅዳሜ አልሠራም ብል ፎርማኑ ምን ይለኛል?»

«እሱን አባትህን ጠይቅ።»

እንደዚህ ነበር የሚናከሱት፤ ሲጨርሱ አንድ ሻይ ለሁለት ይጠጣሉ። አንድ ጊዜ ስለ ዳስ በዓል እያነበበችልን፣ ሰባት ቀን ከቅርንጫፍ በተሠራ ዳስ ተቀመጡ ይላል ስትል፣ ግንበኛው በበሩ ክፍተት ወደ ውጭ እያየ፣ «እህቴ ቆየሽ፤ ሀርጌሳ በሙሉ እያከበረው ነው፣ ሦስት ዓመቱ» አላት። እሷም ሳቀች። ስለ ምግብ ሕግ ደግሞ ክርክር አልነበረም። እርኩስ ሥጋ ልብላ ብትይ እንኳ ከየት ታመጫለሽ፤ አሳማ የለ፣ መጠጥ የለ። እህታችን ሕጉን ለመጠበቅ እንደ ሀርጌሳ የሚመች አገር አላየሁም ትል ነበር።

እኔ በነገሩ የገባሁበት በክርክሩ አይደለም። እረፍት የሚለው ቃል ነው የያዘኝ። ሠራተኛህም፣ መጻተኛህም፣ አህያህም ይረፉ የሚል ትእዛዝ አለ ብላ የነገረችኝ ቀን አለቀስኩ። ማን እንዳለው አላውቅም ነበር እንጂ፣ ስለኔ ያሰበ ሰው እንዳለ ሆነብኝ። ግን ያው የኔ ነገር ጠማማ ነው። ሰንበት የሚገባው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ እሷ ሻማ ስትለኩስ እኔ መሸፈኛዬን አድርጌ ወደ ሚኒባስ እሮጣለሁ። ለነሱ እረፍቱ ሲገባ የኔ ያልቃል። ቅዳሜ ደግሞ እዚያ አገር የሥራ መጀመሪያ ነው፣ ሱቅ ይከፈታል፣ ግንበኞቹ ይመጣሉ። አንድም ሰንበት ቁጭ ብዬ አላከበርኩም። ለዚህ ነው በዓመት አንዴ ያለውን ፋሲካ እንኳን አንዴ ተቀምጬ ልብላ ብዬ ልቤ የተነሳው። ሌላ ነገር አልፈለግኩም።

ቀኑን የምናውቀው በጨረቃ ነበር። የሕጉ ፋሲካ በመጀመሪያው ወር በአሥራ አራተኛው ቀን ነው። እህታችን የቀን መቁጠሪያ የላትም፤ ከክፍሏ ደግሞ ሰማዩ አይታይም፣ ፎቅ ተሠርቶባታል። እኔ ዘንድ ግን ሆዮ አለች። ሆዮ በየወሩ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራትና አሥራ አምስትን ትጾማለች፣ ጨረቃዋ የምትሞላባቸውን ቀኖች። አዲሷን ጨረቃ ሳታያት አታመልጣትም። እኔ «ሆዮ፣ ዛሬ ስንት ሆነ?» እላታለሁ፣ ትነግረኛለች፣ ዓርብ ሄጄ ለእህታችን እነግራታለሁ። የኛን በዓል የምትቆጥርልን ሙስሊሟ አሮጊት ነበረች። ግንበኛው ይሄን ሲሰማ እየሳቀ ጉልበቱን መታ። እህታችን ግን ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ ጨረቃዋን የፈጠራት አንድ ነው አለች።

ፈቃድ የጠየቅኩት ሁለት ሳምንት አስቀድሜ ነው። ባለቤቲቱ ከሱቅ ገብታ እግሯን ዘርግታ ነበር።

«የኛ በዓል አለ፤ ከዐስር ሰዓት እስከ ማግስቱ ቀትር ልሂድ» አልኳት።

«የናንተ በዓል ገና ነው። የጎረቤቴ ሠራተኛ እስካሁን ጾም ላይ ናት፣ ወተት አልጠጣም ብላ።»

«የኔ ይቀድማል።»

«አንቺ ሐበሻ፣ ሥራ ሲበዛ በዓል ትፈጥሪያለሽ» አለችና ሳቀች። «ሂጂ። ግን የእናቴን ነገር ጨርሰሽ።»

የእናቴን ነገር ጨርሰሽ ብላኛለች። ይሄን ጻፊው፤ አላለችኝም ልል አልችልም።

እህታችን ደግሞ ቂጣውን በኔ ላይ ጣለችው። «ያንቺ እጅ ጥሩ ነው፤ የሁላችንም ቂጣ ካንቺ ይምጣ» አለችኝ። ያልቦካ፣ ዱቄትና ውሃ ብቻ። ሌላም ነገረችኝ። በአሥራ አራተኛው ቀን ከቀትር በፊት፣ ከምትተኚበት ቤት እርሾ የሚባል እንዳይገኝ አለችኝ። እኔ ያንን ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት ባልዲውን ነበር። የምተኛበት ወጥ ቤት ነው። ባልዲው ከራስጌዬ ነው።

ያ ቀን ሲደርስ ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። ቁርሳቸውን ጋገርኩ። ከዚያ የወጥ ቤቱን ዕቃ አወጣሁ፤ ፍራሼን አራገፍኩ፣ የዱቄት ጆንያውን አራገፍኩ፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ ሥር በውሃ አጠብኩ። ባለቤቲቱ ሱቅ ናት፣ ልጆቹ ቁርአን ቤት፣ ሆዮ ጥላው ሥር ሰሌን ላይ ጋደም ብላለች። የቀረው ባልዲው ነው። ለነገው እርሾ የሚሆነው ከሥሩ ቀርቶ ነበር፣ ሁልጊዜ እንደሚቀረው።

ወደ ሌላ ክፍል ልወስደው እችል ነበር። ጣሪያ የሌለው ክፍል ነበረ፣ ባዶ። ጎረቤትም አደራ ልሰጠው እችል ነበር። አንስቼው ቆሜ ይሄን አስቤዋለሁ፣ አላሰብኩትም አልልሽም። ከዚያ ወደ አሸዋው ክምር ወሰድኩትና ደፋሁት። ባልዲውን አጠብኩት። አፉ ላይ የደረቀውን እንኳ በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት።

ስደፋው ደስ አለኝ። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በዓሉን አሰብኩ ብልሽ ውሸት ነው። ያሰብኩት፣ ዛሬ ማታ የሚመታ ሊጥ የለም፣ ነገም የለም፣ ነው። እህታችን ስለ ሕጉ ነው የነገረችኝ፤ ባልዲውን ያስደፋኝ ግን ትከሻዬ ነው።

ከቀትር በኋላ ቂጣውን ጋገርኩ፣ ስድስት። እየበረደ እየበረደ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ገላዬን ታጠብኩ፣ ጫማዬን አደረግኩ። ከግቢው ልወጣ ስል ሆዮ ከሰሌኗ ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ልጄ፣ ላሆሄን ለመግሪብ አዘጋጅተሽልኛል?»

እጄ በሩ ላይ ነው። ጾሟን ነበር የዋለችው። በምትጾምበት ቀን ማታ ከባልዲው ሥር ከሚቀረው ሊጥ ሦስት ላሆህ ትኩስ ትኩሱን ይጋገርላታል፤ በሻይ ይርስና የሰሊጥ ዘይት ጠብ ይደረግበታል፣ ያለ ጥርስ የምትውጠው እሱን ነው። ዛሬ አሥራ አራት ነው ብላ ቀኑን የነገረችኝ እሷ ናት። የምትጾምበት ቀን ስለሆነ ነው የቆጠረችው። እኔ ቀኑን ይዤ እሷን ረሳሁ።

«ሆዮ፣ ሊጥ የለም» አልኳት።

«ምን ሆነ? ተበላሸ?»

ተበላሸ ብላት ያልቅ ነበር። አንደበቴ እምቢ አለኝ። «ደፋሁት።»

ይሄን ስል ባለቤቲቱ ገባች። መጀመሪያ አልገባትም። ባልዲውን ሄዳ አየችው፤ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ ይደርቃል፣ እንደ አዲስ ታጥቦ። ተመልሳ መጣች።

«እርሾውንም?»

«እርሾውንም።»

«ለምን?»

«በእምነቴ፣ በዛሬው ቀን በምተኛበት ቤት እርሾ መኖር የለበትም።»

«በምትተኚበት ቤት» አለችኝ። ድምፅዋን አላነሳችም፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቤቱ የማን ነው?»

  ሕጉ ከቤትሽ አውጪ ይላል፤ እኔ ቤት የለኝም። ቤት እንዳላት ሴት ነበር የሆንኩት።

«እናቴ ጥርስ የላትም፣ ጾሟን ነው የዋለችው፣ አንቺ እርሾዋን አሸዋ ላይ ደፍተሽ ጫማሽን አድርገሽ ቆመሻል» አለችኝ። «ሂጂ፣ ሮቲ ገዝተሽ ነይ፣ በሻይ ታርሰዋለች። ነገ ጠዋት ደግሞ ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ።»

ሮቲ የዳቦ ቤት ዳቦ ነው፣ የቦካ። አሁን ሲያስቡት ያስቃል። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ በዓሉ ሊገባ ነው፣ እርሾ ያለበት ዳቦ በእጄ ይዤ ወደዚያ ግቢ ልግባ? ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ ታየኛለች። ሆዮም ታየኛለች። ከዚያ እጄን አየሁት። ጨርቁን ታቅፌዋለሁ።

ገብቼ ሻይ ጣድኩ። ሁለት ቂጣ ቆረስኩና ሰሐን ላይ አደቀቅኩት፤ ቂጣ እንደ ላሆህ አይደለም፣ ሻይ ቶሎ አይጠጣም። ትኩስ ሻይ አፈሰስኩበት፣ ስኳር ጨመርኩ፣ በማንኪያ አሸሁት፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አደረግኩ። አዛኑ ሲሰማ ቢስሚላህ ብላ ተምር ቀመሰች፣ ከዚያ እኔ አጎረስኳት። ዋጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ ኋላ ላይ።

«ቂጣ ነው። ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ ስላልጠበቁ እንደዚህ ነው የበሉት። እሱን ለማስታወስ ነው።»

«እነማን?»

«የሙሴ ሰዎች።»

«ነቢ ሙሳ» አለች። ማንኪያውን በእጇ ያዝ አደረገችው። «ስለ ነቢ ሙሳ ነው የደፋሽው?»

«አዎ ሆዮ።»

«እኛም ለሙሳ እንጾማለን እኮ። ከፊርዓውን የዳነበትን ቀን።» ራሷ አንድ ጎረሰች። «ግን ሙሳ የሰው እርሾ ድፉ አላለም።»

«አላለም» አልኳት።

«ለዚህ ነው በየወሩ ጨረቃ ጨረቃ የምትይኝ?»

«ለዚህ ነው።»

ጥርስ በሌለው አፏ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ይቺ ሐበሻ ልትሰልም ነው ብዬ ስንት ዱዓ አደረግኩልሽ።»

ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም። ልጆቹ ከበው የቀረውን ቂጣ በዘይትና በስኳር በሉት፣ አንድም አልቀረ። ሰው የሚጠብቀው ቂጣ ነበር። ሰዓቱም ሄዷል፣ ሚኒባሱም ሄዷል። ጫማዬን አውልቄ ሰሐኖቹን አጠብኩ።

ያን ምሽት ሆዮ ልጇን ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ጠዋት ዕቃዬን ሳስር ሴትዮዋ በር ላይ ቆመችና፣ «ዕቃሽን ፍቺ» አለችኝ። «እናቴ ናት ያስቀረችሽ፣ እኔ አይደለሁም። ለአንድ ወር ግን ዓርብ የለሽም።» ከጎረቤት እርሾ ለምኜ ሊጡን እንደገና ጀመርኩ። ጎረቤቲቱ በኩባያ ስትሰጠኝ፣ «ይሄንንስ የት ነው የምትደፊው?» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ዓርብ ስቀር እህታችን ራሷ መጣች፣ ከሥራ እንደወጣች። በኋላ በር በኩል ቆመን ነው ያወራነው። ያለ ቂጣ እንዳሳለፉት ነገረችኝ፤ በመራራው ቅጠል ፈንታ ሬት ምላሳቸው ላይ ነክተው፣ በወይን ፈንታ ዘቢብ የተዘፈዘፈበት ውሃ ጠጥተው፣ ቂጣው ይመጣል ይመጣል ሲሉ አመሹ። ግንበኛው፣ ሕዝበ እስራኤል ሄዱ ቂጣዋ ግብፅ ቀረች ብሎ ቀልዷል። እሷ ግን ተቆጥታለች። የሆነውን ነገርኳት፣ ሁሉንም። ደስ ያለኝን ብቻ ትቼ።

«አውጪው ነው ያልኩሽ፤ ድፊው መች አልኩሽ?» አለችኝ። «የሰው ንብረት አትንኪ የሚለውም እኮ እዚያው ሕግ ውስጥ ነው። አንዱን ልትጠብቂ አንዱን ሰበርሽ።»

«ደክሞኝ ነበር።»

የማትራራ የምትመስል ሰው ናት፣ ደረቅ ናት። ያንን ስላት ግን ዓይኗን ከኔ አነሳች። እሷም ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታነሳ ነው የምትውለው። «ሁለተኛ ፋሲካ አለ» አለችኝ። በጊዜው ማክበር ላልቻለ፣ ሬሳ ለነካ ወይም ሩቅ መንገድ ለሄደ ሰው፣ ከወር በኋላ በአሥራ አራተኛው ቀን እንደገና ይበላል። ሕጉ ራሱ ላመለጠው ሰው ቦታ ትቷል አለችኝ።

«እኔ የት ሄድኩ? ከጋአን ሊባህ ጅግጅጋ ያር ሩቅ ነው?»

«ላንቺ ሩቅ ነበር» አለችኝና ሄደች።

ያ ወር ረዘመ። ቀን ውሃና ሲሚንቶ፣ ማታ ሊጥ። አንድ ምሽት ላይ ሊጡን እየመታሁ ሆዮ ከውጭ ጠራችኝ። «ጨረቃሽ ወጣች» አለችኝ፤ ጨረቃሽ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ሳልጠይቃት ትነግረኝ ጀመር፤ ዛሬ አምስት ነው፣ ዛሬ ዘጠኝ ነው። ከመሸ የመጡ እንግዶች ፊት ሁሉ ትናገረዋለች። አሥራ ሦስት የሆነ ዕለት ልጇን ጠርታ፣ «ነገ ልጅቷ ትሄዳለች፤ እኔ ሮቲ በሻይ እበላለሁ» አለቻት። ሴትዮዋ፣ «ሮቲ ሆድሽን ይነፋሻል» ብትላት፣ «ይንፋኝ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ገና ከመነሳቴ ሆዮ በዱላዋ እየተደገፈች ወጥ ቤት ገባች። «ባልዲውን ከነሊጡ ወደኔ ክፍል ውሰጅው፣ ከአልጋዬ ሥር። ከራስጌሽ አይሁን ዛሬ፤ ልጆቹም ሮቲ ይብሉ።» በሁለተኛው ፋሲካ ያንን ያህል እርሾ ማስወጣት ግዴታ አይደለም፣ እህታችን ነግራኛለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ተሸክሜ ወስጄ ከአልጋዋ ሥር አስገባሁላት፣ የአልጋ ልብሱን ዝቅ አድርጋ ሸፈነችው።

ጅግጅጋ ያር በጊዜ ደረስኩ። ቂጣውን ይዣለሁ። የመጡት አራት ብቻ ናቸው፣ ግንበኛውም አለ፤ አላምንበትም ግን ቂጣውን ልቅመስ ብሎ መጣ። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ምንጣፍ ተነጥፏል። ገብቼ ጫማዬን አወለቅኩ።

«ጫማሽን አድርጊ» አለችኝ እህታችን። «ያኔ ጫማቸው በእግራቸው፣ ወገባቸውን ታጥቀው ነው የበሉት፣ በችኮላ።»

«እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በችኮላ ነው የበላሁት» አልኳት።

ግንበኛው ከት ብሎ ሳቀ። እሷ እግሬን አየችው። አብጦ ነበር፣ የጫማው ጠርዝ ሰርስሮት ቀይ መስመር አውጥቷል። ትራስ አምጥታ ከጀርባዬ አደረገችልኝ። ማንበብ ጀመረች። ሬቱ ዞረ፣ ምላሴን አኮማተረው። ቂጣውን ቆረሰችና ሰጠችኝ። በጉ መሲሑ ነው፣ ስለዚህ በግ አናርድም ስትል ሰማኋት። የባሕሩ መከፈል ላይ ስትደርስ ግን እኔ የለሁም። ቂጣው በእጄ እንዳለ ተኝቻለሁ።

ማንም አልቀሰቀሰኝም። ስነቃ ነግቷል፣ ነጠላ ለብሻለሁ፣ ሰዎቹ ሄደዋል፣ እህታችን ሥራ ገብታለች። ጫማዬ በሩ ጋ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ቂጣዬን እዚያው ቁጭ ብዬ በላሁት፣ ቀስ ብዬ። ማንም አልጠራኝም።

እና ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ይሄንን ነው። ያመነ ሰው ዛሬ ይጠብቀው አይጠብቀው፣ ግንበኛውም እህታችንም ሳይስማሙ ነው የተለያዩት፤ እኔ አልዳኛቸውም። እህታችን እንዳለችው ልጅ ስለሆነ የሚጠብቀው ካለ ይጠብቅ፤ ግን በሌላ ሰው ባልዲ አይሁን። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ያከበርኩት በዓል ያ አንድ ነው፣ እሱንም ተኝቼ ነው።

ቀትር ላይ ጋአን ሊባህ ተመለስኩ። ሆዮ ሰሌኗ ላይ ናት፣ ሆዷ ተነፍቶ።

«ምን አደረጋችሁ?» አለችኝ።

«ተኛሁ።»

«እሱም ጥሩ ነው» አለችና እየተደገፈች ተነሳች። ክፍሏ ገባን። የአልጋ ልብሱን ገለጥ አደረገችና ባልዲውን በዱላዋ ጫፍ ወደኔ ገፋ አደረገችው። እስከ አፉ ቦክቶ ነበር።